ታመምኩ ለማይሉት፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ የእድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች በዓመት አንድ ጊዜ ተጠርተው እንዲመረመሩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ የአእምሮ እድገት ውስንነትና የሚጥል በሽታ ያለበት ወንድም ያለኝ እህት ሆኜ ነው። ወንድሜ ዕድሜው ከሠላሳ አልፏል። ቤተሰቡን በሙሉ በስም ይጠራል፤ የእኛን በጎች ከጎረቤት በጎች ከሩቅ ይለያል። የሚያመውን ግን በቃል አይናገርም። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ በመላክ ፋንታ በአደባባይ ያወጣሁት ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። ከአንኮበር እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ እስከ ዓለም ከተማ እንዲህ ያለ ሰው የያዘ ቤት ብዙ ነው። ብዙዎቹም ከጓዳ ስለማይወጡ ከቤተሰቡና ከቅርብ ጎረቤት በቀር የሚያውቃቸው የለም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ የእድገት ውስንነት)፣ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የእድገት ችግር) እና ሴሬብራል ፓልሲ (የጡንቻና የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባቸው አዋቂዎች ታመው እስኪወድቁ ሳይጠበቅ በዓመት አንድ ቀን በየጤና ጣቢያቸው ተጠርተው ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ይመርመሩ። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ አያስፈልግም። በአብዛኛው የሚያስፈልገው ልብስ ገልጦ የሚያይና ቤተሰብን ጊዜ ሰጥቶ የሚያነጋግር ባለሙያ ነው።

ዳውን ሲንድረምን የሚያጠፋ መድኃኒት እንደሌለ እናውቃለን። ሴሬብራል ፓልሲም የሚመጣው በአንጎል ላይ ከደረሰ ጉዳት ስለሆነ ጉዳቱ አይመለስም። ይህን አምነን ተቀብለን፣ አቅፈን አሳድገናል። በላዩ ላይ የሚደረበው ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። የሆድ ድርቀት፣ የሳንባ ምች፣ የመኝታ ቁስል፣ የበሰበሰ ጥርስ፣ የተደፈነ ጆሮ፣ የእሳት ቃጠሎ አብረዋቸው አልተወለዱም። አብዛኞቹን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል፤ የቀሩትም በጊዜ ከታዩ ይታከማሉ።

ይህ የእህት ስሜት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሰፊ ምርመራ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወንዶች ከሌላው ሕዝብ 13 ዓመት፣ ሴቶቹ ደግሞ 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከሦስቱ ሞት ከአንዱ በላይ የሚሆነው ደህና ሕክምና ቢኖር ሊቀር ይችል የነበረ ነው። ሐኪምና መድኃኒት በሞላበት አገር ይህ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግር በሚኬድበት በእኛ ደጋ ምን ሊሆን እንደሚችል ለእናንተ አላስረዳም። እዚያው አገር ለእነዚህ ሰዎች ዓመታዊ ምርመራ ተጀምሮ ዛሬ ከ14 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው ሁሉ ይሰጣል። ምርመራው ሳይታወቁ የቆዩ ሕመሞችን እንደሚያወጣም ደጋግሞ ታይቷል።

ለምን መጥራት ያስፈልጋል? ታማሚ ሲያመው ይመጣል የሚለው አሠራር የተሠራው «አመመኝ» ለሚል ሰው ስለሆነ ነው።

ካቻምና ክረምት ወንድሜ ጠባዩ ተለወጠ። ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ማታ ማታ እጁን ይነክሳል፣ ግድግዳውን ይደበድባል። አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነሣ «ያው ከችግሩ ጋር የመጣ ጠባይ ነው» ብሎ የሚያረጋጋ መድኃኒት ጻፈለት። መድኃኒቱ አስተኛው፤ ሆዱ ግን እየተነፋ ሄዶ ያስመልሰው ጀመር። ሌላ ቦታ ስንወስደው ያገኘችን ነርስ በመጀመሪያ የጠየቀችው እናታችንን ነበር፤ «ሽንት ቤት ከተቀመጠ ስንት ቀኑ ነው?» አለቻት። ከዚያ ጋቢውን ገለጠች፤ መዳፎቿን አፋትጋ አሞቀችና ከእምብርቱ በታች በግራ በኩል ቀስ ብላ ጫን አለች። ወንድሜ እጇን ለቀም አድርጎ ይዞ እዚያው ቦታ ላይ አቆየው። «እዚህ ጋ ነው» ማለቱ ነበር። ከጣቶቿ ስር የጠጠረ ነገር ነበር፤ እናታችንም እኔም በእጃችን ዳስሰን አረጋገጥን። ነገሩ የሆድ ድርቀት ነበር።

ለጤነኛ ሰው የሆድ ድርቀት ቀላል ነገር ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ፣ ውሃ ስጡኝ ለማይል፣ ጡንቻው ለደከመ ሰው ግን አንጀት እስከ መዝጋትና እስከ መግደል ይደርሳል። እንደ ክሎርፕሮማዚን ያሉት የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ደግሞ አንጀትን ስለሚያዘገዩ ድርቀቱን ያብሱታል። ስለዚህ ሕመሙን ያመጣውን ነገር ሳይፈልጉ እነዚህን መድኃኒቶች መስጠት በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። መከላከያው ከቤታችን አይርቅም፤ ቀን በቀን በቂ ውሃ፣ ተልባ፣ ጎመን፣ ከምግብ በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ሽንት ቤት ማስቀመጥ፣ የሚችለውን ያህል ማንቀሳቀስ። ይህ ካልበቃ የሚያለሰልስ መድኃኒት አለ። እናታችን አሁን በግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት ታደርጋለች፤ ሁለት ቀን ያለ ምልክት ካለፈ ሦስተኛውን ቀን አትጠብቅም።

ከዚህ ተነሥቼ ለባለሙያዎቻችሁ አንድ መመሪያ ቢወርድ ደስ ይለኛል። የእድገት ውስንነት ያለበት አዋቂ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ በቅድሚያ አንድ ቦታ አሞታል ተብሎ ይታሰብ። ጥርሱ፣ ጆሮው፣ ሆዱ፣ ሽንቱ፣ አጥንቱ ይታይ፤ ሴት ከሆነች የወር አበባዋም ይጠየቅ። የሚያረጋጋ መድኃኒት የሚታሰበው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ይሁን።

ሌላው ትልቁ ገዳይ የሳንባ ምች ነው። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም በየቤቱ በፍቅር የሚደረግ ነገር ነው ሰዎቻችንን የሚጎዳው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የመዋጥ ችግር አለበት። እናት ጭኗ ላይ ታስተኛዋለች፣ አንገቱን ወደ ኋላ ታቃናለች፣ ከዚያ ጠቀም ያለ ጉርሻ ከላይ ታወርድለታለች። ትን ይለዋል። ጀርባውን መታ መታ ታደርገዋለች፤ ቀጥላም ውሃ ታስከትላለች። የምግቡና የውሃው የተወሰነ ክፍል ወደ ሳንባ ይገባል። ዛሬ ሳል፣ ነገ ትኩሳት፣ ከዚያ የሳንባ ምች። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሳንባ ምች የያዘው ሰው ካለ ብርዱን ከመውቀስ በፊት አበላሉን ማየት ይገባል። ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ ጉርሻውን ማሳነስና በወጥ ማለስለስ፣ የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛውን አለማቅረብ፣ ከበላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይተኛ እንዲቆይ ማድረግ። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በምሳ ሰዓት አንድ ቤት ገብታ ይህን አብራ ብታሳይ ከብዙ መርፌ ይሻላል። በቃል መንገር ብቻውን አይበቃም፤ እናቲቱ በራሷ እጅ አጉርሳ ማየት አለባት።

መኝታውም እንዲሁ ነው። ራሱን መገላበጥ የማይችል ሰው በመደብ ላይ ውሎ ሲያድር በዳሌው፣ በጭራው፣ በተረከዙ ላይ ቁስል ይወጣበታል። መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ይጠቁራል፣ ሲዳስሱት ይሞቃል ወይም ይጠነክራል። በዚያን ጊዜ ከታየ ገላውን አዙሮ ቦታውን ማሳረፍ ሊበቃ ይችላል። ከተዘለለ ግን አጥንት እስኪታይ ይሄዳል። የመንዝ ሰው አጎዛ አያጣም፤ ጠጉሩ ሳሳ ያላለ ንጹሕ አጎዛ ከስር ማንጠፍ ይረዳል። ቢሆንም በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥን አይተካም። እጅና እግር ታጥፎ እንዳይቀር በየቀኑ ማፍታታትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ይህን ሁሉ ብቻዋን የምትሠራ እናት ወገቧ ሲያልቅ አይቻለሁ። እባካችሁ ዓመታዊ ምርመራው እሷንም ይይ፤ እሷ ከወደቀች የሚወድቁት ሁለት ናቸው።

የሚጥል በሽታ ከእድገት ውስንነት ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል። በቆላውም በደጋውም የእሳታችን ቦታ መሬት ላይ ነው። ጥሎት እሳት ላይ የወደቀ፣ ፊቱ ወይም እጁ የተቃጠለ ሰው የማያውቅ ቀበሌ ያለ አይመስለኝም። ምድጃውን ከፍ ማድረግ፣ ዙሪያውን ማጠር፣ ብቻውን ወንዝ እንዳይወርድ ማድረግ የቤተሰብ ሥራ ነው። መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ማድረግ ግን የእናንተ ነው። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መጣል ያስከትላል፤ ያም ይገድላል። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት መድኃኒት ፍለጋ ከወረዳ ወረዳ የተንከራተተውን ቤተሰብ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሕመሙ ለተረጋጋለት ሰው የአንድ ወር ብቻ ሳይሆን የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ የሚሰጥበት አሠራር ይዘጋጅ። ለረጅም ዓመት የሚወሰዱት መድኃኒቶችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ፌኖባርቢታልና ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፌኒቶይን አጥንት ያሳሳሉ፤ ፌኒቶይን በተጨማሪ ድድ ያሳብጣል። በልጅነቱ የተጻፈለትን መጠን ሳይመዘን ዛሬም የሚውጥ አዋቂ ካለ በምርመራው ቀን ሚዛን ላይ ወጥቶ መጠኑ ይስተካከልለት።

ጸበልን በተመለከተ አንድ ቃል። ሸንኮራ ዮሐንስም ጻድቃኔ ማርያምም በዞናችን ናቸው፤ እኛም ወንድማችንን ይዘን ሄደናል፣ ወደፊትም እንሄዳለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው ብዙ ሰው አድኗል። ለሚጥል በሽታ መድኃኒትም ተመሳሳይ ምክር ከየአጥቢያው ካህናት ቢሰማ ቤተሰቡ ያለ ጭንቀት ይቀበለዋል። መምሪያው ከሀገረ ስብከቱ ጋር ቢነጋገር መልካም ነው።

ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን በተለየ ማንሣት እፈልጋለሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 አማካይ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። የተለወጠው የልብ ሕክምናውና ክትትሉ ነው። የእኛዎቹም አዋቂ እየሆኑ ነው፤ ከዕድሜያቸው ጋር የሚመጣውን ግን የሚነግረን የለም። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢያቸው ብዙ ጊዜ ይደክማል። ምልክቱ ብርድ ብርድ ማለት፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ መወፈር፣ የቆዳ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሁሉም ሰው ብርድ ብርድ ይለዋል። ስለዚህ ማንም አያስተውለውም። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በየቀኑ በሚዋጥ እንክብል ይታከማል። ጆሮአቸውም ዓይናቸውም ቀድሞ ይደክማል። ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ የመርሳት በሽታ ከሌላው ሰው በጣም ቀድሞ ሊጀምራቸው ይችላል። ነገር ግን የረሳው ሁሉ የመርሳት በሽታ አለበት ማለት አይደለም። ታይሮይዱ፣ ጆሮው፣ ዓይኑ፣ እንቅልፉ አስቀድሞ ይታይ፤ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ የሚታከም ነው።

ጥርስ ላይ ብዙ አልልም። ከዋና ዋናዎቹ የሥቃይ ምንጮች አንዱ ነው፤ በአምፖል ወይም በባትሪ አፍ ውስጥ ማየት ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ሴቶቹ ግን ዝም ማለት አልችልም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ሴት ለመደፈር ከሌላው ሴት ይልቅ የተጋለጠች ናት፤ ያደረሰባትም ብዙ ጊዜ የምታውቀው ሰው ነው። በየሠፈሩ በሹክሹክታ የሚወራ፣ ወደ ሕግ የማይደርስ ነገር ነው። ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ ሴት ባለሙያ ለብቻዋ፣ በአክብሮት፣ የምታምነው ሰው አጠገቧ ሆኖ ታናግራት፤ በአካሏ ላይ ያለ ጉዳት ይመዝገብ፣ የኤችአይቪና የእርግዝና ምርመራ ይደረግላት፣ ወንጀል ከተጠረጠረ ወደ ሕግ ይመራ። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም የእነሱ ነው። «ይህቺ ምን ያደርግላታል» ተብላ ከሰልፍ የምትወጣ ሴት መኖር የለባትም።

አሠራሩ እንዴት ይሁን? የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ቤት ለቤት የመሄድ ባህል አምጥቶልናል። በየጤና ኬላው የቤተሰብ ማኅደር አለ። ባለሙያዋ በምትዞርበት ጊዜ በማኅደሩ ላይ «በዚህ ቤት የእድገት ውስንነት ያለበት አዋቂ አለ» ብላ ትመዝግብ። ቤተሰቡ እንዳይደብቅ አነጋገሯ ለምዝገባ ብቻ የመጣች አይምሰል፤ ሕክምና እንደሚከተል ትንገር። ከዚያ ጤና ጣቢያው ገበያ ያልሆነበትን፣ ሰው የማይበዛበትን ቀን ይለይና ይጥራቸው። ወረፋ ጠብቆ መቀመጥ ለማይችል፣ ጩኸት ለሚረብሸው ሰው ቀጠሮው የጧቱ የመጀመሪያ ይሁን። ተሸክመው ለሚያመጡት ቤተሰቦች ደግሞ ባለሙያው ወደ ቤታቸው ይሂድ።

ለእያንዳንዱም አንድ ቀላል ደብተር ይዘጋጅ። የሚወስደው መድኃኒትና መጠኑ፣ ክብደቱ፣ የማይስማማው ነገር፣ እንዴት እንደሚበላ ይጻፍበት። ከሁሉም በላይ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ ይጻፍ፤ አንዱ ያለቅሳል፣ ሌላው ዝም ይላል፣ ወንድሜ እጁን ይነክሳል። ይህን ሁሉ ዛሬ የምታውቀው እናት ብቻ ናት። እናቶች ደግሞ እያረጁ ነው። እናቷ ያረፈችባት ልጅ ወደ አጎቷ ቤት ስትሄድ ደብተሩ አብሯት ይሄዳል።

ለሥልጠናው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ መምህራንና ተማሪዎች አሉ። ተማሪዎቹ ለመስክ ልምምድ ሲወጡ ይህ ምርመራ የሥራቸው አካል ቢሆን እነሱም ይማራሉ፣ እኛም እንጠቀማለን።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ጉዳይም ከወረዳዎቹ ጋር ተመካከሩበት። ዕድሜው 18 ያለፈ ሰው በቤተሰቡ መዋጮ ላይ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል። ሠርቶ ሊያገኝ ለማይችል፣ ዕድሜውን ሙሉ ከእናቱ እጅ ለሚበላ ሰው ይህ ክፍያ ቢነሣለት ወይም ከድሃ ድጎማው ቢሸፈንለት ብዙ ቤት እፎይ ይላል።

የምጠይቀው ምጽዋት አይደለም። የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን የማቋቋምና የመርዳት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 25 መንግሥታት ተጨማሪ ጉዳት እንዳይደርስ የሚከላከል የጤና አገልግሎት እንዲሰጡ ያስገድዳል። እኔ የጻፍሁት ሁሉ በዚህ አንቀጽ ውስጥ ያለ ነው።

በሁሉም ወረዳ በአንድ ጊዜ ይጀመር አልልም። በአንድ የደጋና በአንድ የቆላ ወረዳ ተጀምሮ አንድ ዓመት ይታይ። ምን እንደተገኘ፣ ስንት ሰው ጥርሱ እንደታከመ፣ ስንት ሰው መድኃኒቱ እንደተስተካከለ ይመዝገብና ለሌሎቹ ይተላለፍ። በእኛ አካባቢ ያሉ ቤተሰቦችን በማግባባት፣ ከጓዳ እንዲያወጧቸው በመለመን፣ ደብተሩን ማንበብ ለማይችሉት በማንበብ እኔና ሌሎች እህቶችና ወንድሞች እንሠራለን። ለመወያየት በፈለጋችሁት ቀን ደብረ ብርሃን ድረስ እንመጣለን፤ መልሳችሁንም በግልጽ እንድትሰጡን እንጠይቃለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአንድ የእድገት ውስንነት ያለበት አዋቂ እህት፣ ሰሜን ሸዋ

ግልባጭ፦
ለሰሜን ሸዋ ዞን ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ
ለየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት
የእድገት ውስንነት ያለበት ሰው ለሚያስተዳድሩ ቤተሰቦች በሙሉ